ተሳቢ ሲያያዝ የኋላው የሚሰምጥ መኪና፦ ራሱን የሚያስተካክል አሞርዛቶር ችግርና መፍትሄ

ራሱን የሚያስተካክል የኋላ አሞርዛቶር፣ በተለይ የጀርመኑ ዕቃ አምራች ሳክስ «ኒቮማት» ብሎ የሚያወጣው፣ የአየር ቱቦ የለውም፣ ኮምፕሬሰር የለውም፣ ሽቦም የለውም። ፓምፑ ሆዱ ውስጥ ነው፤ ፓምፑን የሚያሠራው ደግሞ መንገዱ ነው። መኪናው ሲሄድ ዘንጉ ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር ዘይት ከማጠራቀሚያው ወደ ከፍተኛ ግፊት ክፍል ይገባል፣ ጋዙ ይታመቃል፣ የኋላውም ይነሳል። ልኩ ላይ ሲደርስ አንዲት ማስተንፈሻ ቀዳዳ ትከፈትና ዘይቱ ይመለሳል። ስለዚህ መኪናው ቆሞ የተለካ ልክ፣ ቆሞ የተስተካከለ ጋንቾ (የተሳቢ ማያያዣ) ሁሉ ያሳስታል። ከታች የሚነሱት ችግሮች ብዙዎቹ ዞረው የሚመጡት እዚሁ ላይ ነው።

ተሳቢው ተያይዟል፣ የኋላው ወርዷል፣ አልነሳም ብሏል

መጀመሪያ ይነዳ። መጎተቻ ፓኬጅ ላላቸው የዶጅ ግራንድ ካራቫንና የክራይስለር ታውን ኤንድ ካንትሪ ሚኒቫኖች የተሰጠው መመሪያ እንደሚለው፣ አሞርዛቶሩ ልኩ ላይ ለመድረስ 1.6 ኪሎ ሜትር (1 ማይል) ያህል መሄድ አለበት። መንገዱ እንደ መስታወት የለሰለሰ ከሆነ ፓምፑ ስለማይንቀሳቀስ ተጨማሪ መንገድ ይፈልጋል። የተጫነ መኪና 15 ሰዓት ያህል ሳይንቀሳቀስ ከቆመም ግፊቱ ቀስ በቀስ ይወርዳል። ማታ ቀጥ ብሎ የቆመ መኪና ጠዋት ተንበርክኮ ቢገኝ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

አለካኩ እንዲህ ነው፦ ከቸርኬው መሃል ተነስቶ ቀጥ ብሎ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ። ከመሬት አይለካ፤ ጎማው በክብደት ስለሚጨፈለቅ ልኩን ያዛባል። ሦስት ጊዜ ይመዝገብ፦ ባዶውን፣ ተሳቢው እንደተያያዘ፣ ከዚያም 3 ኪሎ ሜትር ተነድቶ ደልዳላ ቦታ ላይ ሲቆም። ለምሳሌ ባዶው 39 ሳንቲ ሜትር፣ ሲያያዝ 33፣ ከተነዳ በኋላ 38 ከሆነ አሞርዛቶሩ ሥራውን ሠርቷል። 33 ላይ ከቀረ ወደ ቀጣዩ ይታለፍ።

ተነድቶም አይነሳም

አሞርዛቶሩን ከመወንጀል በፊት ኳሱ፣ ማለትም የተሳቢው አንገት የሚቀመጥበት የጋንቾው ክብ ብረት፣ ላይ ያረፈው ክብደት ይመዘን። የሰው ሚዛንና አንድ ጠንካራ ጣውላ ይበቃሉ። የጣውላው አንድ ጫፍ ሚዛኑ ላይ፣ ሌላው ከሚዛኑ እኩል ከፍታ ባለው ጡብ ላይ ይረፍ፤ ሚዛኑ ጣውላውን እንደተሸከመ ወደ ዜሮ ይመለስ። የተሳቢው አንገት ከጡቡ 30፣ ከሚዛኑ 60 ሳንቲ ሜትር በሚርቅ ነጥብ ላይ ይቀመጥ። የተነበበው በ3 ሲባዛ ትክክለኛው ክብደት ይገኛል። የተሳቢው ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ ይደረግላቸው።

መጎተቻ ፓኬጅ ባለው ግራንድ ካራቫን የተሳቢው ክብደት ከፍተኛ ወሰን 1,633 ኪሎ (3,600 ፓውንድ) ነው፤ ኳሱ ላይ የሚያርፈው ደግሞ የዚህ አንድ አሥረኛ፣ 163 ኪሎ ገደማ። አሞርዛቶር መቀየር ይህን ቁጥር በአንድ ኪሎም አይጨምረውም። አውሮፓ ውስጥ የኳሱ ወሰን ብዙ ጊዜ ከ75 እስከ 100 ኪሎ ብቻ ስለሆነ የራስን መኪና የክብደት ወሰን ሰሌዳ ማንበብ ግድ ነው።

ክብደቱ በወሰኑ ውስጥ ሆኖ አሁንም ካልተነሳ የሁለቱ ጎን ልክ ይወዳደር። አንዱ ጎን ብቻ ከወረደ የዚያኛው ፓምፕ ደክሟል፣ ወይም ሞላው ተሰብሯል። የአሞርዛቶሩ አካል ላይ ስስ የዘይት ላብና አቧራ መታየቱ አያስደነግጥም። እስከ ታችኛው ብሎን የሚወርድ እርጥብ ዘይት ከሆነ ግን አልቆለታል፤ የሚቀየረውም በጥንድ ነው። እከፍተዋለሁ፣ እበየደዋለሁ፣ ዘይት እሞላዋለሁ ማለት አደገኛ ነው፤ ውስጡ የታመቀ ጋዝ አለ። የዛገ ብሎን ለማላቀቅም አጠገቡ እሳት አይለኮስ።

አዲሱ ተገጥሞ ባዶው መኪና ቂጡን ሰቅሏል፣ ወይም ተራ አሞርዛቶር ተገጥሞ ሆዱ መሬት ሊነካ ነው

እነዚህ ሁለት ተቃራኒ ችግሮች መነሻቸው አንድ ነው፦ ሞላው። ተራ አሞርዛቶር ክብደት አይሸከምም፤ የሞላውን መንጠር ብቻ ያበርዳል። ኒቮማት ግን ባዶውንም የመኪናውን ክብደት በከፊል ይሸከማል። ለዚህም ፋብሪካው አብሮት ለስለስ ያለ ሞላ ይገጥማል።

ስለዚህ ኒቮማት ለነበረው መኪና «ውድ ነው» ተብሎ ተራው ሲገባለትና የድሮው ለስላሳ ሞላ ሲቀር፣ አምስት ሰው ሲሳፈር ሱስፔንሽኑ (ጎማውን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ክፍል) የመጨረሻውን የላስቲክ ማቆሚያ ይመታል። በተቃራኒው ተራ ሞላ ባለው መኪና ላይ ኒቮማት ብቻውን ከተጨመረ ሞላውም አሞርዛቶሩም ስለሚገፉ የኋላው ከመጠን በላይ ይነሳል፤ ግልቢያውም ይደርቃል። አገር ቤት ፒክአፕ ላይ አንድ የባሌስትራ ቅጠል መጨመር የለመደ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ቅጠል ሁልጊዜ ያጠነክራል፤ ኒቮማት ግን ጭነት ሲመጣ ነው የሚበረታው።

መፍትሄው አሞርዛቶርና ሞላን እንደ አንድ ዕቃ መግዛት ነው፦ 2 አሞርዛቶር፣ 2 ተጣማሪ ሞላ፣ የሞላው የላይና የታች ላስቲኮች፣ አዲስ ብሎንና ዳዶ። መኪናው ከፋብሪካ በየትኛው እንደወጣ በሻሲ ቁጥሩ ይጣራ። ኒቮማት ከነጭራሹ አማራጭ ሆኖ ለማያውቅ ሞዴል ግን ሌላ መፍትሄ ቢፈለግ ይሻላል። ያ የአሞርዛቶር መያዣ ክብደት እንዲሸከም አልተሠራም፤ ዋል አደር ብሎ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ከተገጠመ በኋላ ቋ ቋ የሚል ድምፅ

ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ አገጣጠሙ ላይ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ ብሎኑ ከጠበቀ ጎሚኒው (ብሎኑ የሚያልፍበት ላስቲክ) ተጠማዝዞ ይቀራል፤ መኪናው መሬት ሲወርድ የባሰ ይጠመዘዝና በጥቂት ወር ውስጥ ይቀደዳል። ሁሉም ብሎን በእጅ ብቻ ይያዝ፣ መኪናው በጎማው ይቁም፣ የመጨረሻው ጥብቀት ያኔ በሞዴሉ መመሪያ ልክ ይሰጥ።

ሲፈታም አክስሉ ወይም የታችኛው ክንድ በክሪክ ይደገፍ። በብዙ መኪኖች ሱስፔንሽኑን ወደ ታች ከመዘርገፍ የሚያግደው አሞርዛቶሩ ራሱ ስለሆነ፣ ሳይደገፍ ብሎኑ ከወጣ የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ ሽቦው ሊበጠሱ ይችላሉ፣ ሞላውም ሊፈናጠር ይችላል። አካሉ ደግሞ በክሪክ ብቻ ሳይሆን በቋሚ መደገፊያ ይቁም። አዲሱ ኒቮማት ተዘርግቶ ነው የሚመጣው፤ በእጅ ተጭኖ ማሳጠር ያስቸግራል። የላይኛውን መያዝ፣ ከዚያ አክስሉን በክሪክ ጥቂት በጥቂት እያነሱ የታችኛውን ቀዳዳ ማገጣጠም ይቀላል። ዘንጉ ላይ ዳዶ ካለ በአየር ቁልፍ አይጥበቅ፤ ዘንጉ አብሮ ሲሽከረከር የዘይት ማገጃ ላስቲኩን ያበላሻል።

የፊት መብራት ሰማይ ያያል፣ መሪው ይቀላል፣ ተሳቢው ጭራውን ይወዘውዛል

ኳሱ ላይ 150 ኪሎ አርፏል፣ ኳሱ ከኋላ አክስል 1.2 ሜትር ይርቃል፣ በሁለቱ አክስል መካከል 3 ሜትር አለ እንበል። 150 በ1.2 ተባዝቶ ለ3 ሲካፈል 60 ይሆናል፦ የፊት ጎማዎች 60 ኪሎ ያጣሉ፣ የኋላዎቹ 210 ይጨምራሉ። አሞርዛቶሩ የኋላውን ከፍታ ይመልሳል፤ መብራቱም ይስተካከላል። ያ 60 ኪሎ ግን ወደ ፊት አይመለስም። መሪው አሁንም ከቀለለ አምራቹ ከፈቀደ ክብደት አከፋፋይ ጋንቾ፣ ማለትም በሚወጠሩ ዘንጎች ክብደቱን በከፊል ወደ ፊት ጎማዎች የሚመልሰው ዓይነት፣ ይገጠም። የጋንቾው ዘንጎች የሚወጠሩት ግን 2 ወይም 3 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ነው፤ ተንበርክኮ እያለ ከተወጠሩ የኋላው ሲነሳ ይላላሉ።

የኳሱ ከፍታም እንዲሁ ነው። በዚያው መኪና ላይ አሞርዛቶሩ አክስሉ ጋ 5 ሳንቲ ሜትር ካነሳ ኳሱ 7 ይነሳል። ቆሞ ሲታይ ደልዳላ የነበረው ተሳቢ መንገድ ላይ አፍንጫውን ቀና ያደርጋል፣ ኳሱ ላይ ያለው ክብደት ይቀንሳል፣ መወዛወዝ ይጀምራል። ከተነዳ በኋላ በተለካው መሠረት ወደ ታች የታጠፈ የኳስ ክንድ ይመረጥ። የአሜሪካው ልማድ ኳሱ ላይ ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ማሳረፍ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ የተሳቢው ጭነት ወደ ፊት ይገፋ።

በእጅ አየር የሚሞላው ዓይነት ቀስ በቀስ ሲተነፍስ

ርካሹ ምርጫ እንደ ጎማ የሚነፋው አየር አሞርዛቶር ነው። ራሱን አያስተካክልም፤ ባለቤቱ ነው የሚያስተካክለው። ተሳቢው ሲፈታ አየሩ ካልተቀነሰ ባዶው መኪና እየዘለለ ይሄዳል። ባዶውንም ቢሆን አምራቹ ካዘዘው ዝቅተኛ ግፊት፣ በአብዛኛው ከ20 እስከ 25 ፒ ኤስ አይ፣ በታች አይውረድ፤ የላስቲኩ ከረጢት ታጥፎ ይፋተጋል። ሁለቱን በአንድ ቱቦ ማገናኘት ሥራ ያቀላል፣ ነገር ግን መታጠፊያ ላይ አየሩ ከተጫነው ጎን ወደ ሌላው ይሸሽና መኪናው ያጋድላል። ለየብቻ ሁለት መሙያ ይሻላል። በአንድ ሌሊት ከተነፈሰ የሳሙና ውሃ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ይቀባ። አረፋው ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ቱቦው በመቀስ ሰያፍ ከተቆረጠበት ጫፍ ነው፤ ጫፉ በምላጭ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥና እስኪቆም ድረስ ተገፍቶ ይግባ። ቱቦው ከጭስ ማውጫው በጣም ርቆ ይታሰር፤ ከቀለጠ እዚያው መንገድ ላይ ነው የሚያስቀረው።