«እስኪጠባ እንጠብቅ» እና ሌሎች ስህተቶች፦ ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን ጡት ስለማጥባት

ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ልጅ ያለ ጊዜው ተወለደ ይባላል። ብዙ ጊዜ ሕፃኑ ማሞቂያ ይገባል፣ እናት ሌላ ክፍል ትተኛለች፣ ዘመድ በር ላይ ይቆማል። ምክር የሚዘንበው ያኔ ነው። ሁሉም የሚናገረው ከፍቅር ነው፤ ግን አንዳንዱ ምክር ወተት ያደርቃል። ከታች ያሉትን ስህተቶች እናት ብቻዋን አትሠራቸውም። ባልም አማትም ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

«ልጁ መጥባት ሲጀምር ወተቱ ይመጣል»

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። ሕፃናት መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን አቀናጅተው መሥራት የሚጀምሩት ባብዛኛው ከ32 እስከ 34 ሳምንት አካባቢ ነው። ልጅሽ በ29 ወይም በ30 ሳምንት ከተወለደ ደህና አድርጎ እስኪጠባ ሳምንታት ያልፋሉ። ጡት ግን ይህን ያህል አይጠብቅም። ወተት የሚመረተው በወጣው ልክ ነው። ካልወጣ ይቀንሳል፣ ከዚያ ይነጥፋል።

ስለዚህ ማለብ የሚጀመረው በወለድሽ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ቢዘገይ ቢዘገይ በ6 ሰዓት ውስጥ። ከዚያ በኋላ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ። በኦፕራሲዮን ብትወልጂም አልጋሽ ላይ እንዳለሽ ሲስተሯ ወይም እህትሽ ልታግዝሽ ትችላለች።

ፓምፕ የግድ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲያውም እጅ ይሻላል፤ እንገር ወፍራምና ጥቂት ስለሆነ ፓምፑ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ጡትሽን ቀስ ብለሽ እሺው። አውራ ጣትሽን ከላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከታች አድርገሽ፣ ከጫፉ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ራቅ ብለሽ ያዢ። መጀመሪያ ወደ ደረትሽ ግፊ፣ ከዚያ ጨመቅ አድርገሽ ልቀቂ። ደጋግሚው። ጫፉን መጎተት ለላም ነው፤ ሰው እንደዚያ አይታለብም። ጠብታው ሲቀንስ ጣቶችሽን ዙሪያውን እያዛወርሽ ቀጥዪ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጡት እለፊ። ካመመሽ አያያዙ ልክ አይደለምና ሲስተሯ እንድታሳይሽ ጠይቂ።

«ይቺ ጠብታ ምን ታደርጋለች?»

የላም እንገር ሲሆን እንሻማለን። የእናት እንገር ግን «ቆሻሻ ነው» ተብሎ የሚደፋበት ቤት አሁንም አለ። ያ ቢጫ ወተት በሽታ በሚከላከሉ ነገሮች የተሞላ ነው። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን አንጀት ስስ ነው፤ ለሕይወት የሚያሰጋ የአንጀት ሕመም ሊይዘው ይችላል። የእናት ወተት ይህን አደጋ ይቀንሳል። አንድ ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በመጀመሪያው ቀን በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ስለዚህ በሲሪንጅ የሰበሰብሻት ጠብታ ለእሱ ምሳ ናት። በአፍንጫው ወይም በአፉ በገባው ቱቦ ይሰጡታል።

ቅቤ ማላስ፣ ስኳር ውሃ፣ ፌጦ? በፍጹም።

«አጥሚቱን ጠጪ፣ ይወርዳል»

አጥሚት ጥሩ ነው። ያጠግባል፣ ያሞቃል፣ የተወደድሽ መስሎ እንዲሰማሽ ያደርጋል። ችግሩ ሦስት ኩባያ አጥሚት አስጠጥተው ማለቡን ሲረሱት ነው። አብሽም እንዲሁ፤ ጥናቶቹ በአንድ ድምፅ የሚናገሩለት ነገር አይደለም። ጡቱ ቶሎ ቶሎ ባዶ ካልሆነ የትኛውም መጠጥ አያድነውም። አጥሚቱን ያመጣ ሰው የማለቢያውን ዕቃ አጥቦና አፍልቶ ቢያቀርብ እጥፍ ድርብ ይጠቅማል።

ቡና አይከለከልም፣ ግን በልክ ይሁን። ካፌይን በወተት ወደ ልጁ ያልፋል፣ ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ደግሞ ከሰውነቱ የሚያስወጣው በጣም ቀስ ብሎ ነው።

«ሌሊቱን እንኳ ትተኛ»

ወተት የሚያመርተው ሆርሞን ከፍ የሚለው ሌሊት ነው። ቢያንስ አንዴ ተነስተሽ እለቢ። እንቅልፉን ቀን አካክሺው፤ ጠያቂ ሲበዛ በር መዝጋት ነውር አይደለም። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ከደረስሽ በጥሩ መንገድ ላይ ነሽ። ልጁ ያን ያህል ባይጠጣም ቀንሺ ማለት አይደለም፤ ሲያድግ ያስፈልገዋል። የታለበ ወተት ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ፣ ሰዓቱ ተጽፎበት ይቀመጥ። ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ከታለበ በኋላ ቢበዛ ለ4 ሰዓት ይቆያል፤ በሞቃት አገር ከዚያ ያነሰ። አይፈላም፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ማሞቅ ይበቃል። ሕፃኑ የተኛበት የሆስፒታል ክፍል የራሱ ደንብ ካለው ግን እሱን ተከተዪ።

«ብርድ ይመታዋል፣ ደራርቡለት»

እኔ አንድ ነገር ብቻ ምረጪ ብባል የምመርጠው ገላ ለገላ መታቀፍን ነው። ሕፃኑ በዳይፐር፣ በኮፍያና በካልሲ ብቻ ሆኖ እናቱ ደረት ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፤ በነጠላ ይታሰራል፣ ከላይ ጋቢ ይደረባል። ካንጋሩ የሚባለው እሱ ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ ማሞቂያ አልበቃ ባለበት ሆስፒታል ነው። በእኛም አገር በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተጠንቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ከተወለዱበት ሰዓት ጀምሮ፣ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት ይሁን ይላል። ልጁ ሙቀቱን ይጠብቃል፣ የእናት ወተትም ይጨምራል። ካቀፍሽው በኋላ ስታልቢ ለውጡን ታዪዋለሽ።

አባትም ማቀፍ ይችላል። ደረት ላይ ፀጉር መኖሩ ችግር የለውም፤ ብዙ ወንዶች ይህን ሰበብ ያደርጉታል። አያትም ትችላለች። እናት ገላዋን የምትታጠብበትና የምትበላበት ጊዜ የሚገኘው እንዲህ ነው።

«ጡጦ ይቀላል»

ለሰጪው ነው የሚቀለው። ከጡጦ የሚወርደው ወተት ለትንሽ ልጅ ሊፈጥንበትና ትን ሊለው ይችላል፤ ጡጦውን በደንብ ማጽዳትም አስቸጋሪ ነው። ከቱቦ ወደ ጡት በሚሸጋገርበት ጊዜ ሲኒ ይመረጣል። ልጁን ቀና አድርገሽ ያዢ፣ የሲኒውን ጠርዝ የታች ከንፈሩ ላይ አሳርፊ፣ እሱ ራሱ ይላሰው። አፉ ውስጥ አታፍስሺ።

ጡት ላይ ሲወጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ስቦ ማረፉ ያለ ነው። በመጀመሪያ ቀናት ማሽተትና መላስ ብቻም ይበቃል። በብብትሽ ሥር አድርገሽ ጭንቅላቱንና አንገቱን ብትደግፊው ይቀለዋል። በአንዱ ቀን እምቢ ካለ «ጡቴን ጠላ» አትበዪ፤ ደክሞት ነው።

«ተኝቷል፣ አትቀስቅሺው»

ቤት ከገባችሁ በኋላ የሚመጣ ስህተት ነው። በጊዜው የተወለደን ልጅ እንደሚያደርጉት አልቅሶ እስኪጠይቅ አትጠብቂ፤ ይሄኛው ርቦት እንኳ ይተኛል። በየ2 እና 3 ሰዓቱ ልብሱን አላልተሽ፣ እግሩን እያሻሸሽ ቀስቅሺው። በቀን 6 እና ከዚያ በላይ ዳይፐር ማርጠብ አለበት። ማለቡንም ወዲያው አታቁሚ፤ ጡቱን በደንብ ባዶ ማድረግ እስኪችል ከጠባ በኋላ ትንሽ ማለብ ያስፈልጋል።

የብረትና የቫይታሚን ዲ ጠብታ ከታዘዘ «የጡት ወተት ይበቃዋል» ተብሎ አይቀርም። ብረት ከእናት ወደ ልጅ በብዛት የሚሄደው በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ነው፤ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት ደግሞ ያንን ጊዜ አላገኙም። የክብደት ቀጠሮም እንዲሁ አይዘለል። መጥባት ካቆመ፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሆዱ ከተነፋ ወይም አረንጓዴ ካስመለሰው ግን ቀጠሮ አይጠበቅም። ሌሊትም ቢሆን ደረትሽ ላይ እንዳቀፍሽው ወደ ሆስፒታል ሂጂ።