የንግድ መዝገባችሁ ኤክሴል ላይ ለምን ይሳሳታል? ችግርና መፍትሄ

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ማሾ ገዝቶ ዋጋ እስኪጨምር የሚያስቀምጥ፣ ከባቲ የሰኞ ገበያ ሰንጋ አምጥቶ የሚያደልብ፣ ጎን ለጎንም የባንክ አክሲዮን የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። ከደብተር ወጥቶ ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ ላይ መመዝገብ የጀመረም አለ። ጥሩ ነገር ነው። ግን ቀመር ሲሳሳት ሁልጊዜ አይናገርም። ቁጥር አውጥቶ ቁጭ ይላል፤ እናንተም ያንን አምናችሁ ትሸጣላችሁ። (ቀመሮቹን የምትጽፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ እዚህ ያስቀመጥኩት አጠራራቸውን ነው።)

ድምሩ ዜሮ ይላል ወይም ያንሳል

ሴሉ ውስጥ «25,000 ብር» ብላችሁ ጽፋችሁ ይሆናል። ፊደል ሲገባበት ኤክሴል እንደ ጽሑፍ ይወስደዋል። ሰም የሚባለው የድምር ቀመር ደግሞ ጽሑፍን ዝም ብሎ ያልፋል። አሰላለፉን ካልነካችሁት ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ስለሚጠጋ በዓይን ይለያል። አምዱን ምረጡና በ«ፈልግና ተካ» ብር የሚለውን ቃል ከፊቱ ካለው ክፍት ቦታ ጋር በባዶ ተኩ። ቃሉ እንዲታይ ከፈለጋችሁ የቁጥር ፎርማት ውስጥ #,##0 "ብር" ብላችሁ አስገቡት። ለዓይን ብር ይላል፤ ለቀመሩ ግን ንጹህ ቁጥር ነው።

ከሐይቅ የገዛሁት በከፊል ጠፋ

አብሽሩ፣ አልጠፋም። በስም እየለየ የሚደምረው ሰምኢፍ የሚሰበስበው እናንተ የጻፋችሁለትን ፊደል ብቻ ነው። አንዱ ረድፍ «ሐይቅ»፣ ሌላው «ሀይቅ»፣ ሦስተኛው «ኃይቅ» ካለ ለእኛ አንድ ከተማ ነው፤ ለኤክሴል ሦስት ቦታ ነው። ሐርቡና ሀርቡ፣ ሰንጋና ሠንጋም እንደዚያው። ከቃሉ ኋላ ሳይታወቅ የገባ ክፍት ቦታም ያው ችግር ያመጣል፤ እሱን ትሪም የሚባለው ቀመር ያነሳዋል። የፊደሉን ግን ትሪም አያስተካክልላችሁም። የቦታና የዕቃ ስም አንድ ጊዜ ጽፋችሁ ከተቆልቋይ ዝርዝር ብቻ እንዲመረጥ አድርጉ። በተለይ መዝገቡን ሁለት ሰው የሚሞላው ከሆነ ይህን አትለፉት።

የቀኑ ስሌት አይገጥምም

ኤክሴል የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ብላችሁ ብታስገቡ የፈረንጁ ሁለተኛ ወር (ፌብሩዋሪ) 30 ቀን የለውም ብሎ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜንንማ ጨርሶ አያውቃትም። የባሰው ግን የሚቀበለው ቀን ነው። ቀን በሚቀድምበት አጻጻፍ ከ1/2/2017 እስከ 1/3/2017 ስንት ቀን ነው ብትሉት 28 ይላል። ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 1 ግን 30 ቀን ነው። የብድር ወለድ ወይም የመጋዘን ኪራይ በቀን የሚያስብ ሰው እዚህ ላይ ይጎዳል።

ሁለት አምድ ያዙ። የኛን ቀን የምትጽፉበትን አምድ አስቀድማችሁ ጽሑፍ አድርጉት። ሌላው ላይ የፈረንጁን ቀን አስገቡና ስሌቱን ከዚያ ብቻ ሥሩ። በምሳሌው 11/10/2024 እና 10/11/2024 ስታስገቡ 30 ይመጣል።

ትርፉ ከኪሴ ጋር አይገናኝም

ብዙ ገንዘብ የሚያሳስተው ይሄ ነው። ለማስረዳት ያህል፣ 40 ኩንታል ማሾ በ8,000 ብር ገዛችሁ፣ ቀጥሎ 10 ኩንታል በ9,500። አማካይ የሚያወጣውን አቨሬጅ ዋጋው አምድ ላይ ብታደርጉት 8,750 ይላል። ልክ አይደለም፤ 40ውን ኩንታል ከ10ሩ እኩል አድርጎታል። ትክክለኛው ብዛትን ከዋጋ አባዝቶ፣ ደምሮ፣ ለጠቅላላው ብዛት ማካፈል ነው፦ 415,000 ለ50፣ ማለትም 8,300 ብር። አባዝቶ የሚደምረውን ሰምፕሮዳክትን ለብዛቱ ሰም አካፍሉት፣ ይሠራል። 30 ኩንታል በ9,000 ብትሸጡ በመጀመሪያው ስሌት ትርፉ 7,500 ብር፣ በሁለተኛው 21,000 ብር ነው።

ከሸጣችሁ በኋላ እንደገና ስትገዙስ? ሰምፕሮዳክት ከላይ እስከ ታች የገዛችሁትን ሁሉ ይደምራል፤ የተሸጠውንም ጭምር። አሁን በእጃችሁ ያለው 20 ኩንታል ነው፣ በ8,300 ሲታሰብ 166,000 ብር። ሌላ 20 ኩንታል በ9,300 ብትጨምሩ 352,000 ለ40 ሆኖ አማካዩ 8,800 ነው። ሁሉንም ግዢ የደመረ ሰው ግን ወደ 8,586 ያገኛል፤ ስለዚህ በ8,700 ቢሸጥ አተረፍኩ ይላል፣ ከስሯል። «በእጅ ያለ ብዛት» እና «በእጅ ያለው የወጣበት ብር» የሚሉ ሁለት አምዶች ጨምሩ። ሲገዛ ሁለቱም ይጨምራሉ። ሲሸጥ ከብዛቱ የተሸጠው፣ ከብሩ ደግሞ የተሸጠው ብዛት በአማካይ ዋጋው ተባዝቶ ይቀነሳል። የመኪና፣ የጫኝና አውራጅ፣ የደላላ ወጪም የወጣበት ብር ላይ ይግባ።

አክሲዮንም በዚሁ ይሄዳል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ዋጋው የሚለዋወጥ አክሲዮን በየጊዜው የሚገዛ ሰው ያለዚህ ስሌት ትርፉን አያውቅም። ኮሚሽኑንም እንደ መኪናው ወጪ ቁጠሩት።

ቀመሩን ወደ ታች ስስበው ተበላሸ

አንድ ቦታ ላይ የጻፋችሁት የኮሚሽን መጠን አብሮ ወደ ታች እየሸሸ ነው። ቀመሩ ውስጥ የዚያን ሴል አድራሻ ምረጡና ኤክሴል ላይ ኤፍ 4ን ተጫኑ፤ የ$ ምልክት ይገባበትና ባለበት ይቆማል። #### ካያችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ አምዱ ስለጠበበ ነው፣ አስፉት።

ይህን ሁሉ አስተካክላችሁ «በእጅ ያለ ብዛት» መጋዘን ካለው ጋር ካልገጠመ ቀመሩን እንደገና አትነካኩ። ያልተመዘገበ ሽያጭ ወይም ሁለት ጊዜ የገባ ግዢ ሊኖር ይችላል፤ ደረሰኞቹን ከረድፎቹ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ።