የጨዋማ ብስኩት የቴሌቪዥን ማስታወቂያ እንዴት ይሠራል?

ተመልካች ክራከሩን በቴሌቪዥን አይቀምሰውም፤ ኩርሽም ሲል ግን ይሰማዋል። ስለዚህ ካሜራ ከመከራየታችሁ በፊት ድምፁን ቅረጹ። ብዙዎች ገንዘባቸውን ምስሉ ላይ ጨርሰው ድምፁን ለኤዲተሩ መተዋቸው ያስቆጨኛል።

ለ30 ሰከንድ ማስታወቂያ 40 ቃል ገደማ ትረካ ይበቃል። መሃል ላይ ሙዚቃም ተራኪም ዝም የሚሉበት ሁለት ሰከንድ ተዉ፤ ንክሻው የሚሰማው እዚያ ነው።

ወደ ድምፁ ስንመጣ፣ ክረምት ላይ የተከፈተ ብስኩት እርጥበት ስቦ ይለሰልሳል። ትሪ ላይ ዘርግታችሁ 100 ዲግሪ በሞቀ ኦቨን ጥቂት ደቂቃ አቆዩትና ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ ትኩሱ አይሰበርም፣ የሚደርቀው ሲቀዘቅዝ ነው። ፍሪጁን አጥፉ፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ስቀሉ። ማይኩን ከአፍ ስንዝር ያህል አርቃችሁ ወደ ጎን አድርጉት፤ ፊት ለፊት ከሆነ ትንፋሽ ይገባበታል። መጀመሪያ በእጅ መስበሩን፣ ቀጥሎ በፊት ጥርስ መንከሱን ለየብቻ ቅረጹና ደርቧቸው። ከመጀመሪያው ንክሻ በኋላ ያለው ማላመጥ የምራቅ ድምፅ ስላለው ቁረጡት።

ከኢንተርኔት የሚወርድ ዝግጁ ድምፅ አልመክርም። አብዛኛው የድንች ቺፕስ ነው፤ ቺፕስ ስስ ስለሆነ ድምፁም ይቀጥናል፣ ንብርብር ያለው ክራከር ግን ወፈር ያለ ስብራት አለው። ሲያልቅ በስቱዲዮ ስፒከር ብቻ ሳይሆን በተራ የሳሎን ቴሌቪዥንም ስሙት።

ለምስሉ ዋናው ጨው እንዲታይ ነው። መብራቱን ከኋላ ዝቅ አድርጋችሁ በጎን አብሩ፣ ጀርባው ጥቁር ይሁን። ስብራቱን በሰከንድ 100 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስትቀርጹ ሻተሩን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/100 ሰከንድ አድርጉ፤ የኤሌክትሪካችን ሞገድ 50 ሄርዝ ስለሆነ አንዳንድ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፣ ሻተሩ ካልገጠመ ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል። በ25 ፍሬም ሲታይ አራት እጥፍ ይዘገያል።

ከብዙ እሽግ ጨው የበዛበትንና ያልተሰነጠቀውን ምረጡ። በማጣበቂያ ጨው መጨመር ግን ገዢን ማታለል ነው፤ አሳሳች ማስታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 759/2004 የተከለከለ ነው።

ተዋናዩ ሲበላ የሚያምርበት ይሁን። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የቴሌቪዥን ተዋናዩ አንዲ ግሪፊት ሪትዝ የተባለውን ክራከር ሲያስተዋውቅ የቤት ሰው መምሰሉ ብዙ ሠርቷል። ደጋግሞ ሲነክስ ጨዉ ከንፈሩን ያደርቀዋል፣ በቅርብ ቀረጻ ደግሞ ይታያል። ስለዚህ ንክሻውን ጠዋት መጀመሪያ ቅረጹ፣ ውኃና መትፊያ አዘጋጁ። የእሽጉን ቀረጻ ለመጨረሻ ተዉት፤ ሰው አይፈልግም።