የእንጨት ሞዴል መርከብ ሀዋሳ ላይ ሆኖ እንዴት እንደሚሠራ

ብዙ ሰው ሞዴል መርከብ መሥራት ሲጀምር የሚሳሳተው ገና ኪት፣ ማለትም የሚገጣጠሙ ክፍሎችን የያዘውን ሳጥን፣ ሲመርጥ ነው። ባለ 3 ምሰሶዋን፣ ከ100 በላይ መድፍ የደረደረችውን የእንግሊዟን ቪክቶሪ ፎቶ ያይና ልቡ ይሸፍታል። ቪክቶሪ በ1765 እ.ኤ.አ. ውኃ ላይ የወረደች ግዙፍ የጦር መርከብ ናት፤ ሞዴሏም ልምድ ያለውን ሰው እንኳ ዓመታት ታስቆጥራለች። ለጀማሪ የምትሆነው ምሰሶ የሌላት የአሳ ማስገሪያ ጀልባ ነች። ሞዴል ሺፕዌይስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በ1፡24 ልኬት (ከእውነተኛዋ 24 ጊዜ አሳንሶ) የሚያዘጋጃት የሎውል ዶሪ ጥሩ ምሳሌ ናት፤ ሆዷ ጠፍጣፋ፣ ጎኗም በጥቂት ጣውላ የሚሸፈን። ቀጥሎ በ1921 እ.ኤ.አ. ወደተሠራችው የካናዳ ባለ ሁለት ምሰሶ መርከብ ወደ ብሉኖዝ መሻገር ይቻላል። ብሉኖዝ ከ43 ሜትር በላይ ስለነበረች በ1፡64 ልኬት ቀፎዋ (ያለ ምሰሶና ገመድ አካሏ) ብቻ 68 ሳንቲሜትር ገደማ ይመጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን ማካፈል ሠርታችሁ ቤት ውስጥ የት እንደምትቀመጥ አስቡ።

እዚህ ሱቅ ገብቶ ኪት መግዛት ስለማይታሰብ የሚመጣው ወይ በፖስታ ነው ወይ ከውጭ በሚገባ ዘመድ ሻንጣ። በፖስታ ከሆነ ቀረጡን አስቀድማችሁ አጣሩ። እንደ ስፔኑ ኦክሬ ያሉ አምራቾች አሠራሩን በቪዲዮ ስለሚያሳዩ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ቁጭ ብላችሁ እዩት፤ ሥራው እናንተን ይስማማ እንደሆነ ያኔ ይገባችኋል።

የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

ኪቱ ከመሣሪያ ጋር አይመጣም፤ አብዛኛው ግን ሀዋሳ ገበያ ውስጥ አለ። ካተር፣ ትንሽ ሞረድ፣ ስኳድራ፣ 120፣ 240 እና 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ እንዲሁም አናጺዎች የሚጠቀሙበት ነጩ የእንጨት ኮላ ይበቃል። የልብስ መቆንጠጫ በብዛት ግዙ፤ ጣውላውን ኮላው እስኪይዝ ጨምቆ የሚያቆየው እሱ ነው። ኮላ በስቴኪኒ ይቀባል፣ ክር በቅንድብ ወረንጦ ይያዛል፣ ጣውላ በልብስ ካውያ ይታጠፋል። ሱፐር ግሉን ግን ቆጥባችሁ ተጠቀሙበት። እንጨት ውስጥ ከሰረገ ቦታው ቫርኒሽ አይቀበልም፤ የቀረው ሁሉ ሲያምር እሱ ብቻ ጠቁሮ ይታያል።

አጽሙን ማቆም

የመርከቧ አከርካሪ ከፊት እስከ ኋላ የሚሄደው ረጅሙ ኮምፔርሳቶ ነው። መስታወት ላይ አስተኙት። ከሥሩ ብርሃን ካለፈ ተጣሟል ማለት ስለሆነ በእርጥብ ጨርቅ አርሱትና ከባድ ነገር ጭናችሁ አሳድሩት። ጎድኖቹን፣ ማለትም አከርካሪው ላይ አግድም ቆመው ለቀፎው ቅርጽ የሚሰጡትን ቁራጮች፣ ያለ ኮላ በየማስገቢያቸው ሞክሯቸው። በጣት ግፊት ብቻ መግባት አለባቸው፤ በመዶሻ የገባ ጎድን አከርካሪውን ያጣምማል። የጠበቀውን ሞርዱት፣ ከዚያ በስኳድራ እያያችሁ አጣብቁ።

ጎድኖቹን መሞረድ

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ቀፎው ካማረ ሌላው ሁሉ ይታረማል፤ ቀፎው ከተንሻፈፈ ግን ምሰሶም ሆነ ክር አይሸፍነውም። የቀፎው ማማር ደግሞ የሚወሰነው ጣውላ ሲለጠፍ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው።

መርከብ ፊትና ኋላዋ ስለሚጠብ የጎድኖቹ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ከቀረ ጣውላው በሹል ጠርዝ ላይ ብቻ ያርፋል። ጠርዙ ተሞርዶ ወደ ቅርጹ አቅጣጫ ማዘንበል አለበት። ብርጭቆ ወረቀቱን ቢያንስ 3 ጎድን በሚያዳርስ ረጅምና ልሙጥ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ በመርከቧ ርዝመት ሙረዱ። በሌዘር የተቆረጠ ኮምፔርሳቶ ጠርዙ የተቃጠለ ጥቁር ነው፤ ይህ ጥቁረት ጥሩ መለኪያ ነው። ወደ መርከቧ መሐል በሚያየው ጠርዝ በኩል የፀጉር ያህል ጥቁር መስመር አስቀሩ። መስመሩ ጠፍቶ ከሆነ ጎድኑን ከልኩ በላይ አሳንሳችሁታል።

ከዚያ አንድ ጣውላ በተለያየ ከፍታ ጎድኖቹ ላይ እያስተኛችሁ ሞክሩ። ሁሉንም ነክቶ፣ ጎበጥ ሳይል ካለፈ ጨርሳችኋል። አንዱ ጎድን ዝቅ ካለ ጠርዙ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ለጥፋችሁ እንደገና ሙረዱ።

ይህን በዓይን ማየት ለሚፈልግ ሀዋሳ ዕድለኛ ከተማ ናት። ጠዋት አሞራ ገደል ወርዳችሁ፣ ከአንዱ አስጋሪ «ወንድሜ፣ ጀልባህን ጠጋ ብዬ ልያት?» ብላችሁ ፈቃድ ጠይቁና የእንጨት ጀልባ ጣውላ ፊት ላይ እንዴት እንደሚሰበሰብ ተመልከቱ። አባ ኮዳዎቹ ዓይናቸው አሳው ላይ ስለሆነ ለእናንተ ግድ የላቸውም።

ጣውላ ማልበስ

በአብዛኛው ኪት ቀፎው ሁለቴ ይለብሳል፤ መጀመሪያ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ በሆነ ለስላሳ ነጣ ያለ እንጨት፣ ቀጥሎ እንደ ዋልነት ካለ ቡናማ እንጨት በተሠራ በጣም በሳሳ ጣውላ። የመጀመሪያውን ጣውላ ከመርከቧ ወለል መስመር ጀምሩ። አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ እያላችሁ ውረዱ፤ አንዱን ጎን ብቻ ከሞላችሁ ኮላው ሲደርቅ አጽሙን ወደዚያው ይስበዋል።

ጣውላው ሁሉ ከዳር እስከ ዳር እኩል ስፋት ይዞ ከሄደ ፊት ላይ ተደራርቦ ይነሳል። ስለዚህ ሒሳብ ያስፈልጋል። መካከለኛው ጎድን ላይ ከወለል መስመር እስከ አከርካሪው ያለውን በቀጭን የወረቀት ቅዳጅ ለኩ፤ 90 ሚሊሜትር ነው እንበል። ጣውላው 5 ሚሊሜትር ከሆነ 18 ጣውላ ይፈጃል። የፊተኛው ጎድን 54 ሚሊሜትር ብቻ ከሆነ 54 ለ18 ሲካፈል 3 ይመጣል፤ እያንዳንዱ ጣውላ ከመሐል 5 ተነስቶ ፊት ላይ 3 ሚሊሜትር ሆኖ መጥበብ አለበት ማለት ነው። ስሌቱ ከግማሽ በታች፣ ማለትም ከ2.5 ያነሰ ካመጣ ጣውላውን ማሹል ትታችሁ ሁለቱን ወደ አንድ ሰፊ ጣውላ አግቡ። ኋላ ላይ በተቃራኒው ክፍተት ሊፈጠር ይችላል፤ እሱ በሹል ስንጥቅ ይሞላል።

ለመታጠፍ ጣውላውን ሙቅ ውኃ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ በክብ ነገር ላይ አድርጋችሁ በካውያ እየጫናችሁ ቅርጽ አስይዙት፣ ከዚያ በመቆንጠጫ ቦታው ላይ አስራችሁ ይድረቅ። ኮላ የሚቀባው ከደረቀ በኋላ ነው። እርጥብ እንጨት ያብጣል፤ እርጥቡን የለጠፈ ሰው ሲደርቅ በየመካከሉ ክፍተት ያገኛል። በክረምት መድረቁ ስለሚዘገይ ታገሡ፤ ፀሐይ ላይ አውጥቶ ማፍጠን ግን ይሰነጥቀዋል። የመጀመሪያው ልብስ ሲያልቅ ጉድጓዱን በስቱኮ ሙሉና አለስልሱት። ሁለተኛው ልብስ ስለሚሸፍነው ስቱኮ አያሳፍርም።

ወለልና ምሰሶ

የወለሉን ጣውላ ከመለጠፋችሁ በፊት ጠርዙን በእርሳስ አጥቁሩት፤ በእውነተኛ መርከብ በጣውላዎች መካከል የሚሞላውን የቅጥራን መስመር ይመስላል። ምሰሶው ወደ ላይ እየቀጠነ መሄድ ስላለበት ክቡን እንጨት ድሪል ላይ አስራችሁ እየዞረ በብርጭቆ ወረቀት ያዙት። የዋልነት ብናኝ ስለሚያስነጥስ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ገመዱ

ክሩ ፀጉር እንዳያወጣ በሰም ይታሻል። ለዚህ ከእውነተኛ የማር ሰም የተሠራ ጧፍ ይበቃል፤ ፓራፊን የበዛበት ግን ክሩ ላይ እየተፈረፈረ ይቀራል። ምሰሶውን ከጎንና ጎን የሚይዙት ገመዶች ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ፣ ሸራውን የሚያንቀሳቅሱት ደግሞ ነጣ ያሉ ይሁኑ። የጎኖቹን አንድ ጥንድ በቀኝ፣ አንድ ጥንድ በግራ እያፈራረቃችሁ እሰሩ፣ ምሰሶው እንዳይዘም።

መርከበኛው የሚወጣበት የገመድ መሰላል ደረጃው በእውነተኛ መርከብ 38 ሳንቲሜትር ገደማ ይራራቃል፤ በ1፡64 ወደ 6 ሚሊሜትር ይመጣል። በዚህ ልክ የተሰመረ ወረቀት ከኋላ አቁማችሁ እያንዳንዱን ቋጠሮ መስመሩ ላይ እሰሩ። አታጥብቁት፤ ከጠበቀ የጎን ገመዶቹን ወደ ውስጥ ስቦ ወገባቸውን ያቀጥናል።

ሸራ ይኑር አይኑር የምርጫ ጉዳይ ነው፤ እኔ ያለ ሸራ እመርጣለሁ። ነጠላ ቀድጄ ሸራ ልሥራ የሚል ካለ ያስላው፦ ግማሽ ሚሊሜትር ክር በ1፡64 ሲሰላ ውፍረቱ ከ3 ሳንቲሜትር ያለፈ ገመድ ነው። እንዲህ ያለ ሸራ በዓለም ላይ የለም።

ማስቀመጫ

ለመቆሚያው ከእንጨት ቤት ተራፊ ዋንዛ ጠይቁ፤ ቡናማነቱ ከዋልነት ጋር ይሄዳል። ክር መሐል የገባ አቧራ ስለማይወጣ አሉሚኒየምና መስታወት ቤት ሳጥን አሠሩ። ልኩን የምትሰጡት ምሰሶው ከቆመና ከፊት የሚወጣው ረጅም እንጨት ከገባ በኋላ ይሁን፤ በየጎኑም ቢያንስ 3 ሳንቲሜትር ጨምሩበት።