የካናዳ ነባር ሕዝቦች የታሪክ ወር ሲከበር ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የካናዳ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 የጁን ወር የአገሪቱ ነባር ሕዝቦች ታሪክ የሚወሳበት ወር እንዲሆን በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ከ2021 ወዲህ ደግሞ የካናዳ ዜግነት የሚቀበል ሰው፣ የሦስቱን ነባር ሕዝቦች፣ ማለትም የፈርስት ኔሽንስን፣ የኢኑይትንና የሜቲስን መብት የሚያጸናውን ሕገ መንግሥት ለማክበር ይምላል። ስለዚህ ወሩ በቶሮንቶ፣ በኤድመንተንና በካልጋሪ የምንኖር ኢትዮጵያውያንንም ይመለከታል። በየማኅበሩና በየመሥሪያ ቤቱ በሚደረጉ ዝግጅቶች ላይ የሚታየው አብዛኛው ስህተት የሚመነጨው ባለቤቶቹን ሳይጠይቁ ከመሰናዳት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ስህተት ሦስቱን ሕዝቦች እንደ አንድ መቁጠር ነው። የፈርስት ኔሽንስ ማኅበረሰቦች ብቻ ከ600 በላይ ናቸው፤ የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎችም ከ50 ይበልጣሉ። በብዙ የፈርስት ኔሽንስ ባህሎች አንድን አረጋዊ ምክር ወይም ጸሎት ሲጠይቁ ትንባሆ በክብር ማቅረብ ሥርዓት ሲሆን፣ ይህ ልማድ የኢኑይት አይደለም፤ በእነርሱ ዝግጅት ብዙ ጊዜ የሚለኮሰው ቁሊቅ የተባለው፣ በባሕር እንስሳ ስብ የሚነድ መብራት ነው። ሜቲስም የተቀላቀለ ዘር ያለው ሰው ሁሉ የሚጠራበት ስም ሳይሆን፣ ሚቺፍ የተባለ የራሱ ቋንቋና በ1885 ሬጃይና ከተማ ላይ የተሰቀለውን ሉዊ ሪየልን የመሰለ መሪ ያለው ሕዝብ ነው። የአንዱን ብሔረሰብ ዘፈን በሌላው ልብስ አስጊጦ «ኢትዮጵያ ይህች ናት» የሚል አዘጋጅ ቢገጥመን ቅር እንደሚለን ሁሉ፣ የፓስፊክ ዳርቻ ሕዝቦችን የተቀረጸ ምሰሶ ከኢኑይት የበረዶ ቤት ጋር በአንድ ፖስተር ላይ ማዳበልም ያስቀይማል።

ሌላው ስህተት ስለ እነርሱ በኃላፊ ጊዜ ብቻ መናገር ነው። ኑናቩት በ1999 ራሱን የቻለ ግዛት ሆኗል፤ የኢኑይት ተወላጅ የሆኑት ሜሪ ሳይመን በ2021 የካናዳ ጠቅላይ እንደራሴ ሆነው ተሹመዋል፤ በ2023ም የፈርስት ኔሽንስ ተወላጅ የሆኑት ዋብ ኪኑ የማኒቶባ ክፍለ ሀገር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነዋል። ዝግጅቱ የዛሬ ሐኪሞችን፣ ደራስያንንና ሙዚቀኞችን ካላሳየ ሕዝቡን ቤተ መዘክር ውስጥ እንደ መቆለፍ ይሆናል።

ሕፃናትን ከወላጆቻቸው እየነጠቁ ቋንቋቸውን ያስጣሏቸውን የአዳሪ ትምህርት ቤቶች ታሪክ በዝምታ ማለፍም፣ ወሩን በሙሉ በእርሱ መሸፈንም ልክ አይደለም። በነዚያ ትምህርት ቤቶች ከ150,000 በላይ ሕፃናት አልፈዋል፤ የመጨረሻዎቹ የተዘጉት በ1990ዎቹ በመሆኑ፣ በሕይወት የተረፉት ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ከእኛ ጋር ሊቀመጡ ይችላሉ። አንድን ሰው ሳያስፈቅዱ በሕዝብ ፊት «የደረሰብህን ንገረን» ማለት ቁስሉን መቀስቀስ ነው። ለዚህ መታሰቢያ ሴፕቴምበር 30 የተለየ ቀን ሲሆን፣ ከ1996 ጀምሮ የሚከበረው የነባር ሕዝቦች ቀን፣ ጁን 21፣ ግን የደስታ ቀን ነው፤ ብዙዎቹ ሕዝቦች ረጅሙን የበጋ ቀን ከጥንት ጀምሮ ያከብሩት ስለነበር ተመርጧል።

ልጆችን የላባ የራስ ጌጥ ማልበስም መቅረት አለበት፤ ይህ ጌጥ በሜዳማው ምዕራብ ባሉ ነገዶች ዘንድ በሥራው ለተመሰገነ ሰው የሚሰጥ ክብር ነው። በፓውዋው በዓልም ጨፋሪዎችን ሳያስፈቅዱ ፎቶግራፍ ማንሳት አይገባም።

ስብሰባ ሲከፈት የመሬቱን ባለቤቶች የሚያወሳውን ጽሑፍ ለወጉ ያህል ብቻ በጥድፊያ ማንበብ በእጅጉ የተለመደ ነው። አንባቢው ቢያንስ ስሞቹን በትክክል መጥራት፣ የቆመበትን መሬት የሚመለከተውንም ውል ማወቅ ይኖርበታል፦ በቶሮንቶ ከክሬዲት ሚሲሳጋዎች ጋር በ1805 የተፈረመው ውል 13፣ በኤድመንተን የ1876ቱ ውል 6፣ በካልጋሪ የ1877ቱ ውል 7 ነው።

በመጨረሻም አረጋውያንን በሜይ ማብቂያ ላይ ደውሎ ያለክፍያ መጋበዝ ንቀት ነው። በጁን ሁሉም ስለሚፈልጋቸው ግብዣው ወራት አስቀድሞ ይላክ፤ የመጓጓዣ ወጪያቸውና አበላቸው በበጀት ይያዝ፤ የሚናገሩትንም ነገር እነርሱ ይምረጡ።