በመኪና ውድድር ኩርባን በፍጥነት ለማለፍ፦ ከፍሬን አለቃቀቅ ይጀምሩ

ጀማሪ ተወዳዳሪ ሰዓቱን ለማሻሻል ሲያስብ ቶሎ የሚመጣለት ፍሬን የሚይዝበትን ቦታ ወደ ኩርባው ማስጠጋት ነው። ትርፉ ትንሽ ነው፤ ኪሳራው ግን ትልቅ። ከመጠን በላይ ፈጥኖ የገባ መኪና ሲወጣ ነዳጅ አይቀበልም፣ እዚያ የጎደለው ፍጥነትም እስከ ቀጥታው መንገድ ጫፍ ድረስ እንደጎደለ ይሄዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራበት ኩርባ ከመውጫው በኋላ ረጅም ቀጥታ መንገድ ያለው ነው።

መስመሩን ያስፉ። የሰበቃ ኮኤፊሸንቱ (መንገዱን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ የሚለካው ቁጥር) 1.0 የሆነ ጎማ በጠፍጣፋ አስፋልት ላይ፣ በ50 ሜትር ራዲየስ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይችላል። ራዲየሱ 60 ሜትር ሲሆን 87 ይደርሳል። ከውጭኛው ጠርዝ ይግቡ፤ ውስጠኛውን ጠርዝ የኩርባውን መሀል ትንሽ አለፍ ብለው ይንኩ፤ ከዚያ መኪናው እስከ ውጭኛው ጠርዝ ይውጣ። መውጫው ላይ መንገድ ካለቀብዎት ውስጡን ቀድመው ነክተዋል።

ትልቁ ሥራ ፍሬኑ ላይ ነው። መሪው ቀጥ እንዳለ ጠንከር አድርገው ይርገጡ፤ መሪውን ማዞር ሲጀምሩ መሪው በዞረ መጠን ፍሬኑን እያላሉ ይልቀቁ። በድንገት ከለቀቁት ክብደቱ ከፊት ጎማዎች ላይ ይነሳል፣ መኪናውም መሪው ዞሮ እያለ ወደ ፊት ይንሸራተታል። እየዞሩ አጥብቀው ከያዙት ደግሞ የኋላው ይቀልና ይወጣል። ለልምምድ ፍሬን የሚይዙበትን ምልክት አይቀይሩ፤ ከአቅምዎ ቀነስ ባለ ፍጥነት አለቃቀቁን ብቻ ደጋግመው ይሞክሩ። እጅና እግር ከተስማሙ በኋላ ምልክቱን በ2 ወይም በ3 ሜትር ብቻ ያስጠጉ።

ዓይን ከመኪናው ይቅደም፦ ፍሬን ይዘው ሳለ ውስጠኛውን ጠርዝ፣ እሱ ጋ ሳይደርሱ መውጫውን።

ነዳጅ የሚጨመረው መሪው ወደ ቀጥታ እየተመለሰ ሲሄድ ነው። ሰጥተው መልሰው ከቀነሱ ቸኩለዋል ማለት ነው። የፊቱ ሲንሸራተት መሪውን ይበልጥ ማዞር የሁሉም ሰው ደመ ነፍስ ነው፤ ግን ያባብሰዋል። መሪውን በጥቂቱ መልሰው ነዳጁን በእርጋታ ይቀንሱ። የኋላው ሲወጣ ነዳጁን በድንገት አይልቀቁ፤ መሄድ ወደሚፈልጉበት እያዩ መሪውን ወደዚያው ይምሩ።

የጎማ ንፋስ ከትራክ እንደወጡ፣ ጎማው ሳይቀዘቅዝ ይለኩ። መሻሻሉን ደግሞ በመግቢያ ፍጥነት አይፍረዱ፤ በቀጥታው መንገድ ላይ አንድ ቋሚ ምልክት መርጠው እዚያ ሲደርሱ ያለዎትን ፍጥነት ያወዳድሩ።