ጥርስ ከመነቀሉ በፊት የልብን ነገር መጠየቅ

በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም ወይም በሞጣ ጥርስ ክፍል የሚሠራ ባለሙያ በገበያ ቀን የሚገጥመው ታካሚ ብዙውን ጊዜ ጉንጩ አብጦ፣ ዛሬውኑ ተነቅሎለት ወደ ቀየው ለመመለስ የቸኮለ ነው። «የልብ ሕመም አለብዎት?» ሲባል «የለብኝም» ብሎ ይመልሳል። ጥያቄውን ለውጦ «በየወሩ የሚወጉት መርፌ አለ? ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥርዎታል? ሌሊት ትራስ ደራርበው ነው የሚተኙት?» ብሎ መጠየቅ፣ ከዚያም የሚውጡትን ኪኒን ከነማሸጊያው ማየት ይበጃል። አንዲት እናት ልባቸው ደህና እንደሆነ ከነገሩኝ በኋላ ከመቀነታቸው ፈትተው ያሳዩኝ ኪኒን ዋርፋሪን የተባለው ደም ማቅጠኛ ነበር፤ ጉጠቱ ግን ተዘጋጅቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

የደም ግፊት የሚለካው ታካሚው ቢያንስ 5 ደቂቃ ተቀምጦ ካረፈ በኋላ ነው። 180/110 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አስቸኳይ ያልሆነው ሥራ ይቆያል፤ ሕመሙን ማስታገስና ታካሚውን ወደ ሐኪም መላክ ይቀድማል። በዐቢይ ጾም የጠዋቱን ኪኒን ያልዋጠ ብዙ ስለሆነ «የዛሬውን ዋጡ?» ብሎ መጠየቅ ግማሹን እንቆቅልሽ ይፈታል።

በአገራችን በልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚጀምረው የሩማቲክ የልብ ሕመም በወጣቶች ላይ ስለሚበዛ፣ ጥርስ ሲነቀል ወደ ደም የሚገባው ተሕዋስ በተጎዳ የልብ ቫልቭ (ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው የልብ በር) ላይ ሊያርፍ ይችላል። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ያለው፣ ከዚህ በፊት የቫልቭ ኢንፌክሽን የያዘው፣ እንዲሁም አንዳንድ አብሮ የተወለደ የልብ ችግር ያለበት ሰው ድድ ከሚነካ ሥራ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ ተሕዋስ የሚገድለውን አሞክሲሲሊን 2 ግራም በአንድ ጊዜ ይወስዳል፤ ለሕፃን መጠኑ በኪሎ 50 ሚሊግራም ነው። ሩማቲክ ብቻ ያለበትን ሰው በተመለከተ የአሜሪካና የአውስትራሊያ መመሪያዎች አይስማሙም፤ የአሜሪካው አያካትተውም፣ የአውስትራሊያው ያካትተዋል፤ ስለዚህ የሚከታተለውን ሐኪም መጠየቅ ተገቢ ነው። ሩማቲኩ እንዳያገረሽበት በየወሩ ፔኒሲሊን የሚወጋ ሰው በአፉ ውስጥ መድኃኒቱን የተላመደ ተሕዋስ ሊኖር ስለሚችል፣ ፔኒሲሊን የማይስማማውም ሰው እንዲሁ፣ 500 ሚሊግራም አዚትሮማይሲን ይሰጠዋል። ክሊንዳማይሲን የተባለው ሌላ ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት በአሜሪካ የልብ ማኅበር የ2021 መመሪያ ለዚህ ጉዳይ ከሚመከሩት ወጥቷል።

ትልቁ ስሕተት የሚሠራው ግን ደም ማቅጠኛው ላይ ነው። «ደም እንዳይፈስ» ተብሎ ዋርፋሪን ወይም አስፒሪን ለቀናት የሚቋረጥበት ሰው በቫልቩ ወይም በጭንቅላቱ የደም ሥር ውስጥ ደም ሊረጋበት ይችላል፤ ከድድ የሚፈሰውን ደም ማቆም ይቻላል፣ የረጋውን ግን መመለስ ይከብዳል። ስለዚህ መድኃኒቱ አይቋረጥም፤ ይልቁን በ24 ሰዓት፣ ቢበዛም በ72 ሰዓት ውስጥ የተሠራ የአይኤንአር (ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚለካ ምርመራ) ውጤት ይታያል፤ ብዙዎች 3.5ን እንደ ጣሪያ ይይዛሉ። ውጤቱ በጾም ወራት ጎመን በብዛት ሲበላ ሊወርድ፣ ሜትሮኒዳዞል የተባለው ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት ሲታዘዝ ደግሞ ሊያሻቅብ እንደሚችል ማስታወስ ያስፈልጋል። በአንድ ቀጠሮ ጥቂት ጥርስ ብቻ ነቅሎ፣ ቁስሉን ሰፍቶ፣ ጎዝ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ አስነክሶ ደሙ መቆሙን በዓይን ማየት ግድ ነው። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይበቃል፤ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አይታዘዙም።

አድሬናሊን ያለበት ማደንዘዣ ለልብ ታማሚ ፈጽሞ ክልክል አይደለም፤ በደንብ ያልደነዘዘ ጥርስ ራሱ የሚያስከትለው ሕመም ልብን ይበልጥ ያስጨንቃል። አድሬናሊኑ 1 ለ100,000 ሆኖ ከተደባለቀበት ማደንዘዣ ከሁለት ካርትሬጅ (መርፌው ላይ ከሚገጠመው የማደንዘዣ ብልቃጥ) አለማለፍ፣ መርፌው ደም ሥር ውስጥ አለመግባቱን ወደ ኋላ ስቦ ማረጋገጥ፣ ቀስ ብሎም መውጋት ያስፈልጋል። የልብ ድካም ያለበት ሰው በጀርባው አይዘረጋም፤ ከወንበሩም በዝግታ ይነሣል። የደረት ሕመም ከጀመረው ሥራው ወዲያው ይቆማል፣ ቀና ተደርጎ ይቀመጣል፣ ከምላስ ሥር የሚያደርገው መድኃኒት ካለው ይሰጠዋል፤ በ5 ደቂቃ ካልተሻለው ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። በቅርቡ የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ጥቃት የደረሰበት ሰው ቢያንስ 60 ቀን እስኪሞላው ድረስ አስቸኳይ ያልሆነ ሥራ አይሠራለትም።

ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ታካሚ የጠዋት ቀጠሮ ይሰጠው፤ ከሰዓት በኋላ ነቅሎ መኪና ላይ ማሳፈር ማለት ማታ ደሙ ቢነሣ ከጤና ጣቢያ ርቆ መገኘት ነው። ሲሄድ ተጨማሪ ጎዝ፣ እንዲሁም እስከ ነገ ትኩስ ነገርና አረቄ እንዳይቀምስ የሚያስታውስ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ይያዝ፤ ማንበብ ለማይችልም አብሮት ለመጣው ሰው ይነገር።